ለሥራ ወደ ሪያድ የሚሄድ ሰው ስለ ደህንነቱ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ለስብሰባ፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ውል ለመዋዋል ለጥቂት ቀናት ሪያድ ለሚሄዱ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሪያድ ለእንግዳ ሰው ደህና ከተማ ናት?

በሌባና በቀማኛ በኩል ከሆነ ጥያቄው፣ አዎ። ዑለያ ሰፈር ማታ አራት ሰዓት ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ታያላችሁ። በ2003 የውጭ ዜጎች በሚኖሩባቸው ግቢዎች ላይ ቦምብ የፈነዳበት ክፉ ጊዜ ነበር። ዛሬ የከተማዋ የዕለት ኑሮ ከዚያ ዘመን በጣም የራቀ ነው።

ለሥራ የመጣ ሰው ሪያድ ላይ የሚቸገረው በመንገድ፣ በሕግና በወረቀት ነው። መኪናው ይፈጥናል። ሕጉ እኛ አገር ማንም ልብ የማይለውን ነገር ከባድ ወንጀል አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ያላነበባችሁት ፊርማ ደግሞ ከአገር እንዳትወጡ ሊያደርጋችሁ ይችላል። ስለዚህ የደህንነት ዝግጅቱ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ገና ቦሌ ሳትደርሱ ነው።

ከመሄዴ በፊት ምን ላዘጋጅ?

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የበረራችሁን ቁጥር፣ የሆቴሉን ስምና ስልክ፣ የጋባዡን ድርጅት ተጠሪ ስልክ፣ በየቀኑ ከማን ጋር የት እንደምትገናኙ፣ የሪያድ ኤምባሲያችንን ስልክ፣ የኢንሹራንስ ቁጥራችሁን፣ የደም ዓይነታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ጻፉበት። ከፓስፖርትና ከቪዛ ኮፒ ጋር አንዱን ለቤተሰብ፣ አንዱን ለመሥሪያ ቤት ስጡ። አንዱ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ከዚያ አንድ ሰው ምረጡ። በየማታው በተወሰነ ሰዓት «ደህና ነኝ» የምትሉት ሰው ማለት ነው። ከተቀጠረው ሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ድምፃችሁ ከጠፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ መጀመሪያ ለእናንተ፣ ከዚያ ለሆቴሉ፣ ከዚያ ለጋባዡ፣ በመጨረሻ ለኤምባሲው ይደውላል። ይህ ካልተነገረ ቤተሰብ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቅ ያድራል እንጂ ማንም ስልክ አያነሳም። አዲስ አበባና ሪያድ የሰዓት ልዩነት የላቸውም። ቀጠሮ ስትጽፉ ግን የኛ ሦስት ሰዓት እነሱ ዘንድ ዘጠኝ መሆኑን አትርሱ።

ቪዛውንም በደንብ አንብቡት። ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜና አገሩ ውስጥ መቆየት የምትችሉበት ቀን ብዛት የተለያዩ ናቸው። የሚቆጠረው የመቆያ ቀኑ ነው። ካለፈ ቅጣት፣ እስርና ዳግመኛ እንዳትገቡ መታገድ ሊመጣ ይችላል። በጉብኝት ቪዛ ተቀጥሮ መሥራትም ክልክል ነው።

ከኤርፖርት እንዴት ልግባ? ከተማ ውስጥስ በምን ልንቀሳቀስ?

የኪንግ ኻሊድ አየር ማረፊያ ከመሃል ከተማ በስተ ሰሜን ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በሩ ላይ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያሉ የሚከተሏችሁን ሰዎች እለፏቸው። ፈቃድ የሌላቸው ብዙ ናቸው። በስልክ መተግበሪያ ኡበር ወይም ካሪም ጥሩ፣ ወይም የተሰለፈውን ሕጋዊ ታክሲ ያዙ። ጋባዡ ሾፌር የሚልክ ከሆነ ስሙንና የታርጋ ቁጥሩን ከመብረራችሁ በፊት በጽሑፍ ይላክላችሁ። ስማችሁን በወረቀት ይዞ የቆመ ሰው ሁሉ የእናንተ ሾፌር ነው ማለት አይደለም።

በ2024 መጨረሻ ደግሞ የሪያድ ሜትሮ ሥራ ጀምሯል። 6 መስመሮችና 85 ጣቢያዎች አሉት። ቢጫው መስመር ከኤርፖርቱ ተነስቶ የንጉሥ አብደላ የፋይናንስ ሰፈር ይደርሳል። እዚያ ወደ ሰማያዊው ከቀየራችሁ ዑለያና ባትሃ ሰፈሮች ያደርሳችኋል። ሲከፈት የ2 ሰዓት ትኬት 4 ሪያል ነበር። ለኔ ይህ ከዋጋውም በላይ የደህንነት ነገር ነው። ሪያድ ላይ የእንግዳ ሰው ትልቁ አካላዊ አደጋ የመኪና አደጋ ነውና።

መኪና ተከራይታችሁ ራሳችሁ አትንዱ። ኋላ ወንበርም ብትቀመጡ ቀበቶ እሰሩ። ሰፋፊዎቹን መንገዶች በእግር ለመሻገር አትሞክሩ፣ ለአንድ ሕንፃም ቢሆን ታክሲ ያዙ። በእኛ ክረምት ወራት እዚያ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል በእግር መሄዱ ራሱ ያማል።

ችግር ቢገጥመኝ የት ልደውል?

ሪያድ ውስጥ 911። ፖሊስም፣ አምቡላንስም፣ እሳት አደጋም በዚህ ቁጥር ይገኛሉ። ዋናው ችግር የት እንዳላችሁ መናገሩ ነው። ሳዑዲ ውስጥ እያንዳንዱ ሕንፃ አራት ፊደልና አራት አሃዝ ያለው አጭር አድራሻ አለው። የሆቴላችሁንና የቢሮውን አጭር አድራሻ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ገና ስትገቡ የአገሩን ሲም ካርድ አውጡ። ፓስፖርትና አሻራ ይጠይቃሉ። በዋትስአፕ መደወል ላይሠራ ስለሚችል አማራጭ ይኑራችሁ።

ጎረቤቴ «ለእህቴ ይህችን ዕቃ አድርሺልኝ» ብትለኝስ?

እዚህ ላይ እልኸኛ ሁኑ። እምቢ በሉ። እኛ ዘንድ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። በርበሬ ናት፣ ሽሮ ናት፣ ልጅቷ አገሯ ናፍቋታል ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም በርበሬ ናት። ግን ሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ነገር የሚጠየቀው ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው። «የሰው ነው» ማለት አያድንም።

ጫት በሳዑዲ ሕግ አደንዛዥ ዕፅ ነው። በትንሹም፣ በደረቁም፣ «ለራሴ ነው» ተብሎም አይፈቀድም። የደረቀ ጫት የሻይ ቅጠል ወይም ሂና እየተባለ ተጠቅልሎ ስለሚላክ፣ ቅጠል የሚመስል ነገር ከማንም አትቀበሉ። ዕፅ በማዘዋወር የሞት ቅጣት ሊፈረድ ይችላል። ቅጣቱ ለተወሰነ ጊዜ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ2022 መጨረሻ እንደገና መፈጸም ጀምሯል። ኢትዮጵያውያንም በዚህ ተቀጥተዋል። አረቄና ጠጅም ለስጦታ እንኳ አይሞከሩም።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ክታብ ነው። በሳዑዲ ጥንቆላና አስማት በወንጀል የሚያስከስስ ነገር ነው። ክታብ፣ የጸሎት ጥቅልል፣ ከደብተራ ወይም ከባህል ሐኪም የተሰጠ ሥርና ዱቄት ካላችሁ ቤት አስቀምጡት።

የግድ ዕቃ መያዝ ካለባችሁ፣ ዕቃው ተፈቶ እያያችሁ፣ ራሳችሁ አሽጋችሁት ይሁን። የታሸገ ነገር ግን በፍጹም።

የማዘውትረው መድኃኒት አለኝ፤ ልያዝ?

ያዙ፣ ግን በዋናው እሽግ፣ ከሐኪም ማዘዣና ከደብዳቤ ጋር። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይሁን። እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች፣ የእንቅልፍና የነርቭ መድኃኒቶች ቁጥጥር አለባቸው። ለነሱ ከሳዑዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህንን ከጉዞው ብዙ ቀን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ፌስታል ውስጥ የተበተነ ክኒን ምንም ቢሆን አትያዙ።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው። የተለየ ነገር አለ?

ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሆቴል መያዝ ትችላለች። ሴቶች ከሰኔ 2018 ጀምሮ መኪና መንዳት ተፈቅዶላቸዋል። ለውጭ አገር ሴት አባያ መልበስ ግዴታ አይደለም። ልብሱ ግን ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን፣ ሰፋ ያለ ይሁን። እኔ ብሆን አንድ ቀለል ያለ አባያ ቦርሳዬ ውስጥ ባይጠፋ ይሻላል እላለሁ። አሮጌው ገበያ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ስትገቡ ያግዛል።

በ2018 የወጣ የጾታዊ ትንኮሳ ሕግ አለ። እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 100 ሺህ ሪያል ያስቀጣል፣ ከበድ ሲል ደግሞ እስከ 5 ዓመትና 300 ሺህ ሪያል። ስለዚህ ሰው ከተከተላችሁ ዝም አትበሉ፣ ድምፅ አሰሙ፣ 911 ደውሉ። ታክሲ ላይ ኋላ ተቀመጡ፣ የጉዞውን አቅጣጫ ለምታምኑት ሰው አጋሩ።

አንድ የሚያም ነገርም አለ። ኢትዮጵያዊት ሴት ሲያዩ ብዙ ሰዎች የቤት ሠራተኛ ናት ብለው ይጀምራሉ። የሆቴል ዘበኛም፣ ሾፌርም፣ አንዳንዴ ፖሊስም። አትናደዱ፣ አትከራከሩ። የሥራ ካርዳችሁን፣ የግብዣ ደብዳቤውንና የሆቴል ካርዱን በቶሎ የምታወጡበት ኪስ ውስጥ አድርጉ።

ፎቶ ማንሳት፣ ቲክቶክ ላይቭ መግባት ይቻላል?

የራሳችሁን ፎቶ አንሱ። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳት በ2019 በወጣው የሕዝብ ሥነ ምግባር ደንብ ያስቀጣል፣ በተለይ ሴቶችንና ቤተሰብን። የመንግሥት ሕንፃ፣ የጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና አደጋ የደረሰበት ቦታ አይነሳም። አሳልፋችሁ ከለጠፋችሁት ነገሩ ይከፋል።

የ2007ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ የሕዝብን ሥርዓት፣ ሃይማኖትን፣ ግብረ ገብንና የግል ሕይወትን የሚነካ ነገር መጻፍና ማሰራጨትን እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል ያስቀጣል። በአማርኛ ስለጻፍኩት ማን ያነበዋል አይባልም። ስለ ንጉሣዊው ቤተሰብ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ አካባቢው ጦርነት የሚያወራ ነገር፣ አገር ቤት ሳላችሁ የለጠፋችሁትም ቢሆን፣ ከመሄዳችሁ በፊት ተመልከቱት። ላይቭ ገብቶ ከተማዋን ማስጎብኘቱ ይቅርባችሁ።

ማተቤን ልበጥስ? ጸሎትስ? ረመዳን ላይ ብሄድስ?

ማተብ አትበጥሱ። ከሸሚዝ በታች ይሁን። ለራስ የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ቅዱስ መያዝ ብዙውን ጊዜ ችግር አያመጣም። ብዙ ቅጂ መያዝና ለሰው መስበክ ግን ክልክል ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ብቻችሁን ጸልዩ። የአገር ልጆች ሰብሰብ ብለን እንጸልይ ቢሏችሁ ይቅርታ ጠይቁ። በ2011 መጨረሻ ጅዳ ውስጥ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የተገኙ 35 ኢትዮጵያውያን ታስረው እንደነበር አስታውሱ።

በረመዳን ቀን ላይ በአደባባይ መብላት፣ ውሃ መጠጣትና ማጨስ ሙስሊም ላልሆነም አይፈቀድም። የሥራ ሰዓትም ያጥራል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም ወደ ቤቱ ስለሚበር መንገዱ እጅግ አደገኛ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ሆቴላችሁ ቆዩ።

ፖሊስ መታወቂያ ቢጠይቀኝ ምን ላድርግ?

አሳዩ፣ ቀስ ብላችሁ፣ በትህትና። የሳዑዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የመኖሪያና የሥራ ሕግ የጣሱ ሰዎችን የሚይዝ ዘመቻ ያካሂዳል፣ የተያዙትንም ቁጥር በየሳምንቱ ያወጣል። ከተያዙት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ስለዚህ መልካችን ብቻ ሊያስቆመን ይችላል። በኅዳር 2013 መንፉሃ ሰፈር የሆነውን ማን ይረሳል? ወረቀት ለሌላቸው የውጭ ሠራተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ባለቀ በቀናት ውስጥ በተነሳው ግርግር የወገኖቻችን ሕይወት አልፏል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገሩ ተመልሷል።

የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ሁልጊዜ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ስልካችሁም ላይ። ባትሃ ወይም መንፉሃ የአገር ልጅ ምግብ ፍለጋ ስትሄዱ ግን ዋናውን ፓስፖርት ያዙ። በሲቪል ልብስ የመጣ ሰው መታወቂያውን እንዲያሳያችሁ በጨዋነት ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ ሰው ወዳለበት ሱቅ ወይም ወደ ሆቴሉ እንሂድ በሉ። ገንዘብ አውጥቶ ለማግባባት መሞከር የባሰ ወንጀል ነው።

የአገሬ ልጅ «እስከዚያ ድረስ ውሰደኝ» ወይም «ዛሬ ክፍልህ ልደር» ቢለኝስ?

ይህ ልብ የሚፈትን ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ በየመን በኩል በእግርና በጀልባ፣ ሞትን አምልጠው የገቡ ናቸው። ማዘን ያለብን ለነሱ ነው። ነገር ግን የሳዑዲ ሕግ በድንበር ሾልኮ የገባን ሰው ያጓጓዘን፣ ያስጠለለን ወይም የረዳን እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ያስቀጣል። መኪናው ወይም ቤቱም ሊወረስ ይችላል። ወረቀት እንዳለው እርግጠኛ ካልሆናችሁ አታሳፍሩ፣ አታሳድሩ። የኤምባሲውን አድራሻ ስጡት፣ ቤተሰቡ ጋ መልእክት አድርሱለት። ይህ ትንሽ ነው፣ ግን እናንተንም እሱንም አያስይዝም።

ከንግድ አጋሬ ጋር ብንጣላ ከአገር እንዳልወጣ ልታገድ እችላለሁ?

አዎ፣ ትችላላችሁ። ለነጋዴ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው። በዕዳ ወይም በውል ክርክር የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ እስኪያልቅ ከአገር እንዳይወጣ ሊታዘዝ ይችላል። ብዙ ሰው ይህንን የሚያውቀው ኤርፖርት ቆሞ የፓስፖርት ሠራተኛው አንገቱን ሲነቀንቅ ነው። ቪዛው በዚህ መሃል ያልቃል፣ የሆቴሉ ሒሳብ ይቆጥራል፣ ሥራ መሥራት አይቻልም።

ስለዚህ ሪያድ ላይ ተጣድፋችሁ አትፈርሙ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ቢሆንም ፍርድ ቤት የሚያየው አረብኛውን ነው። አረብኛውን የራሳችሁ ሰው ያንብበው፣ ጋባዡ ያመጣው አስተርጓሚ ሳይሆን። በተለይ «ሰነድ ሊአምር» የሚባል ወረቀት ስትፈርሙ ተጠንቀቁ። ይህን ያህል ገንዘብ እከፍላለሁ የሚል ሰነድ ነው። አበዳሪው ረጅም ሙግት ሳያስፈልገው በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል። «ለፎርማሊቲ ነው» ቢሏችሁም ለፎርማሊቲ አይደለም። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠትም በወንጀል ያስጠይቃል።

የቆየ ዕዳ ወይም ያልተዘጋ ክርክር ካለባችሁ፣ ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት እዚያው ያለ ጠበቃ ክስም እገዳም መኖሩን ያጣራላችሁ። ስብሰባውን ሦስተኛ አገር ማድረግም ይቻላል። ዋናው ፓስፖርታችሁን «ለማስመዝገብ» ብሎ የሚቀበላችሁ አጋር ካለ አትስጡት። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ 60 ሺህ ሪያልና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሲሆን ስትገቡም ስትወጡም ማስታወቅ ግዴታ ነው።

በሰማይ ላይ ነገር ቢነሳ፣ በረራ ቢቆምስ?

ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በኅዳር 2017 ከየመን የተተኮሰ ሚሳይል ወደ ሪያድ አየር ማረፊያ መጥቷል። በመጋቢት 2018 አየር ላይ የተመታ ሚሳይል ስብርባሪ ሪያድ ውስጥ አንድ ግብፃዊ ገድሏል። በሰኔ 2025 ኢራን ካታር ያለውን የአሜሪካ ጦር ሰፈር ስትመታ ካታር፣ ኩዌት፣ ባሕሬንና ኤምሬትስ የአየር ክልላቸውን ለሰዓታት ዘግተው ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም እስራኤል ዶሃን ደበደበች። ከመብረራችሁ በፊት የሳምንቱን ዜና ማየት የግድ ነው። ሁኔታው ካልጣማችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።

እዚያው ሳላችሁ ከመጣ፣ ሪያድ የመስታወት ፎቅ ከተማ ናት። ከመስኮት ራቁ፣ ወደ ሕንፃው መሃል ወይም ወደ ምድር ቤት ውረዱ። ለማየትና ለመቅረጽ ሰገነት ላይ አትውጡ። የሲቪል መከላከያውን መልእክት ተከተሉ። ለሦስት ቀን የሚበቃ ተጨማሪ የሆቴል ገንዘብና መድኃኒት ይኑራችሁ። ከቪዛው የመቆያ ቀንም ጥቂቱን አስተርፉ። የመጨረሻው ቀን ላይ የተያዘ ትኬት፣ በረራ ሲሰረዝ ሕገ ወጥ ያደርጋችኋል።

ብታሰርስ?

አትታገሉ፣ አትሩጡ፣ አትሳደቡ። «የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይነገርልኝ» በሉ፣ ደጋግማችሁ። ሳዑዲ የ1963ቱን የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የተቀበለች አገር ናት። የታሰረ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ለአገሩ ቆንስላ ሊነገርለት ይገባል። ኤምባሲያችን ሪያድ ነው፣ ቆንስላ ጄኔራላችን ጅዳ። ቆንስላ ሊጎበኛችሁ፣ ጠበቃ ሊጠቁምና ለቤተሰብ ሊያሳውቅ ይችላል። ከእስር ማስፈታት ግን ሥልጣኑ አይደለም።

ያልገባችሁን የአረብኛ ቃል አትፈርሙ። አስተርጓሚ ጠይቁ። እምቢ ቢሉና የግድ ፈርሙ ቢሏችሁ፣ ከፊርማው ጎን በአማርኛ «የተጻፈው አልገባኝም» ብላችሁ ጻፉ። ያን አንድ ገጽ ወረቀት የያዘው የቤተሰብ ሰው ደግሞ በዚያው ማታ ለኤምባሲው ይደውል፣ የፓስፖርት ኮፒውን ይላክ። ፌስቡክ ላይ «ወንድሜ ታሰረ» ብሎ መጻፍ ግን ጠበቃው ሳይፈቅድ አይደረግም።